እናትና ልጅ በአንድ ክፍል

ላቲና የሚባሉት በአሜሪካ የሚኖሩ፣ የዘር ሐረጋቸው ከሜክሲኮ፣ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ወይም ስፓኒሽ ከሚነገርባቸው የካሪቢያን ደሴቶች የሚመዘዝ ሴቶች ናቸው። በ2020 የአገሪቱ ሕዝብ ቆጠራ (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ራሱን ላቲኖ ወይም ሂስፓኒክ ብሎ ያስመዘገበው ሕዝብ ከ62 ሚሊዮን አልፏል፤ ከጠቅላላው ሕዝብ 18.7 በመቶ ማለት ነው። መጠሪያው አንድ ይሁን እንጂ ሕዝቡ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅድመ አያቶቿ ቴክሳስ የሜክሲኮ ግዛት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ልጅ አለች። ወላጆቿ ከፖርቶ ሪኮ መጥተው ኒው ዮርክ ያሳደጓት፣ በዜግነቷ ላይ ጥያቄ የማይነሳባት አለች። በሕፃንነቷ ከኤልሳልቫዶር ወይም ከጓቲማላ መጥታ እስከ ዛሬ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት ያላገኘችም አለች። «የላቲና ልጃገረዶች ችግር» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠቀልል ሰው ገና ከመነሻው ይስታል።

ቁጥሮቹም ቢሆኑ የሚናገሩት ችግርን ብቻ አይደለም። በ2000 ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 ከሆኑት ላቲኖ ወጣቶች ከመቶው 28ቱ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ ወደ 8 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ የሴቶቹም ድርሻ ከወንዶቹ ያነሰ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚወልዱ ላቲናዎች በ1991 ከ1,000 ልጃገረዶች ከ100 በላይ ሲሆኑ በ2019 ወደ 25 ዝቅ ብለዋል። ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ላቲናዎች መካከል በ2013 ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የነበራቸው 16 በመቶ ነበሩ፤ በ2023 ደግሞ 23 በመቶ ደርሰዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ የሆነ ነው። ክፍተቱ ግን አልተዘጋም። ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ሰዓት የምትሠራ ላቲና ዛሬም አንድ ነጭ ወንድ በሚያገኘው እያንዳንዱ ዶላር ልክ ስልሳ ሳንቲም አይደርሳትም። በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከአራት ተማሪ ከአንድ በላይ ላቲኖ ሲሆን ከመምህራኑ ግን ላቲኖ የሆኑት ከአሥር አንድ አይሞሉም። አንዲት ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትማር የእናቷን ቋንቋ የሚናገር መምህር ሳይገጥማት ልትጨርስ ትችላለች።

መካሪ የሚፈለገው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ሜንተርሺፕ የሚባለው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፦ መንገዱን ቀድማ የሄደች ሴት ገና ከምትጀምር ልጅ ጋር በቋሚነት ትገናኛለች፣ ታዳምጣታለች፣ ያላየችውን ታሳያታለች፣ ነገር ሲበላሽም አትጠፋባትም። ማብቃት የሚለው ቃል በስብሰባ አዳራሽ ሲነገር ትልቅ ይመስላል። ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አብሮ በመሙላት፣ ቀነ ገደብ በማስታወስ፣ ወላጅን ለማነጋገር ቤት ድረስ በመሄድ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየው የላቲናዎች ተሞክሮም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ የዘለቁት ፕሮግራሞች ልጅቷን ከቤተሰቧ ነጥለው ለማውጣት የሞከሩት ሳይሆኑ ቤቷን ይዘው የሄዱት ናቸው።

በመካከል የተቀመጠች ልጅ

በሎስ አንጀለስም ሆነ በሂውስተን፣ በየጤና ጣቢያው የሚታይ አንድ የተለመደ ትዕይንት አለ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ በሐኪሙና በእናቷ መካከል ትቀመጣለች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እሷ ወደ ስፓኒሽ ትመልሳለች፤ እናት ትጠይቃለች፤ እሷ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። የምትተረጉመው ስለ እናቷ ማሕፀን ወይም ስለ አባቷ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወጥታ የኪራይ ውሉን ለአከራዩ ታስረዳለች፤ ማታ የታናናሾቿን የቤት ሥራ ታያለች፤ በማግስቱ በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሯ ስለ ራሷ የተናገረውን ራሷ ትተረጉማለች። ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ሥራ በቤተሰብ ውስጥ በአብዛኛው የበኩር ሴት ልጅ እንደምትሸከመው ደጋግመው አስተውለዋል።

የአሜሪካ ዋና ከተማና አካባቢዋ ለዚህ ትዕይንት ሌላ ቋንቋ ይጨምሩበታል። በዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ከኤልሳልቫዶር የመጡና ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ከትልልቆቹ የስደተኛ ማኅበረሰቦች መካከል ናቸው፤ በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ይማራሉ፤ በአማርኛ የምትተረጉመዋና በስፓኒሽ የምትተረጉመዋ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ከተማዋ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በተገልጋዩ ቋንቋ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ከመጀመሪያዎቹ የሕጉ ቋንቋዎች መካከል ስፓኒሽና አማርኛ ይገኛሉ። ሕጉ ማስተርጎም የተቋሙ ግዴታ ነው ቢልም ልጆችን የማስተርጎሙ ልማድ በአንድ ቀን አልጠፋም። በዚያው ከተማ በ1988 ማሪያ ጎሜዝ ለመካከለኛው አሜሪካ ነፍሰ ጡር ስደተኞች የከፈቱት ሜሪስ ሴንተር የተባለ ክሊኒክ ዛሬ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችንም ያስተናግዳል።

ለቤተሰብ መቆም በላቲኖዎች ዘንድ ከሁሉ የሚቀድም ክብር ነው፤ ምሁራኑ ፋሚሊስሞ ይሉታል። ቤተሰብ ይቀድማል፤ ልጅ የግሏን ከማሰቧ በፊት የቤቱን ታስባለች፤ ሴት ልጅ ከቤት ርቃ አታድርም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለፕሮግራም አዘጋጆች ትልቅ ፈተና ነው፤ የሁለት ቀን የአመራር ሥልጠና ተዘጋጅቶ፣ አውቶቡሱ ተከራይቶ፣ አባትየው «ልጄ ከማን ቤት ልታድር ነው?» ብሎ ያስቀራታል። ከቤቷ ሦስት ሰዓት የሚርቅ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ሳለ ሰፈሯ ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የምትመዘገብ ልጅም ብዙ ጊዜ የምትወስነው በዚሁ ሚዛን ነው። የውጭ ሰው ይህን ሲያይ ወላጆቹ ትምህርት የማይወዱ ይመስለዋል። ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ተመራማሪዋ አንጄላ ቫሌንዙዌላ በሂውስተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያጠኑትን በ1999 ሲያሳትሙ ያስረዱት፣ ትምህርት ቤቱ የሜክሲኮ ልጆችን ቋንቋና የቤት ዕውቀት እየቀነሰባቸው እንደሚሄድ፣ ልጆቹም ማንም እንደማያስብላቸው ሲሰማቸው ልባቸው እንደሚሸፍት ነበር። ታራ ዮሶ ደግሞ በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ የእነዚህ ቤቶች ሀብት ተቆጥሮ እንደማያውቅ ተከራክረዋል፤ ሁለት ቋንቋ መቻል፣ የዘመድ መረብ፣ ከክፉ ቢሮ ጋር የመታገል ልምድ፣ ነገ ይሻላል ብሎ የመጽናት ተስፋ ሁሉ ሀብት ነው። ጥሩ መካሪ የምትጀምረው ከዚህ ሀብት ነው። በጤና ጣቢያ የምትተረጉም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን የማግባባት ችሎታ አላት፤ ችሎታ መሆኑን ነግሯት የሚያውቅ ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

ከፍርድ ቤት እስከ ክበብ

ትግሉ የጀመረው ከመምከር በፊት በር ከማስከፈት ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ ዌስትሚኒስተር የሜንዴዝ ቤተሰብ ልጆች ከአክስታቸው ልጆች ጋር ሊመዘገቡ ሄዱ። ቆዳቸው ነጣ ያለው፣ የፈረንሳይ የሚመስል የቤተሰብ ስም የነበራቸው የአክስት ልጆች ተቀባይነት አገኙ፤ ሲልቪያ ሜንዴዝና ወንድሞቿ ግን ወደ «ሜክሲካውያን» ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ተነገራቸው። አክስትየዋ ሁሉንም ሰብስባ ተመለሰች። ከሜክሲኮ የሆነው አባትና ከፖርቶ ሪኮ የሆነችው እናት ከሌሎች አራት ቤተሰቦች ጋር ክስ መሠረቱ፤ በ1946 ረቱ፤ በ1947 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። በመላ አገሪቱ የትምህርት ቤት መለያየትን ከከለከለው ዝነኛ ፍርድ ይህ ሰባት ዓመት ይቀድማል። ሲልቪያ ሜንዴዝ ኋላ ነርስ ሆነው ሠርተዋል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ታሪኩን ለልጆች በመናገር በ2011 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

በሩ ቢከፈትም ውስጥ ገብቶ መቆየት ሌላ ጉዳይ ነበር። አንቶኒያ ፓንቶሃ በፖርቶ ሪኮ ተራሮች ላይ የገጠር መምህርት ነበሩ፤ በ1944 ኒው ዮርክ ሲገቡ ያገኙት ሥራ የፋብሪካ ነው። እየሠሩ ተምረው በ1954 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ በ1961 አስፒራን አቋቋሙ። ሐሳቡ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። የፖርቶ ሪኮ ወጣቶች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክበብ ያቋቁማሉ፤ መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የደሴታቸውን ታሪክ ያጠናሉ፤ የሰፈራቸውን ችግር ይመረምራሉ፤ አማካሪዎች ደግሞ ኮሌጅ እንዴት እንደሚገባና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያሳዩዋቸዋል። ክበቡ ወንድና ሴት ሳይለይ ነበር፤ መሥራቿ ግን ሴት ስለነበሩ ብዙ ልጃገረዶች ስብሰባ የምትመራ ላቲና ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዚያ ነው። ድርጅቱ በምክር ብቻም አልቆመም፤ የከተማዋን የትምህርት ቦርድ ከስሶ በ1974 የስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች የሁለት ቋንቋ ትምህርት እንዲያገኙ ያስቻለ ስምምነት አስፈርሟል። ፓንቶሃ በ1996 የነፃነት ሜዳሊያ ሲሸለሙ ክብሩን ያገኙ የመጀመሪያዋ ፖርቶ ሪካዊት ሆኑ። መካሪነትን ከክስ ጋር ያጣመረ ድርጅት ዛሬ እምብዛም አይታይም፤ የሚያሳዝን ነው፤ ልጅቷን አበርትቶ ትምህርት ቤቱን እንዳለ መተው ግማሽ ሥራ ነውና።

በመጋቢት 1968 በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው አደባባይ ሲሰለፉ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ አማካሪዎቹ የሜክሲኮ ልጆችን ከኮሌጅ መንገድ ወደ ጎን መግፋታቸው ነበር፤ ወንዱን ወደ ጋራዥ፣ ሴቷን ወደ ታይፕና ወደ ቤት አያያዝ። በእንቅስቃሴው ውስጥ የነበሩ ሴቶች ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ ሰልፉን የሚያደራጁት እነሱ፣ ማይክሮፎኑን የሚይዙት ወንዶቹ ነበሩ። በ1970 ኮሚሲዮን ፌሜኒል ሜክሲካና የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ። በ1974 ደግሞ በዋሽንግተን ማና የተባለ ሌላ የሴቶች ድርጅት ተቋቋመ። ማና እስከ ዛሬ የሚያካሂደው ኤርማኒታስ የተባለ ፕሮግራም አለው፤ ሥራ ላይ ያሉ ላቲናዎች ከመካከለኛና ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር እንደ ታላቅና ታናሽ እህት ይጣመራሉ።

ከእናት ጋር መምጣት ግዴታ ነው

በ1984 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በ1986 ደግሞ በኤል ፓሶ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት አሠራር ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ኤል ፓሶ ከሜክሲኮዋ ሲውዳድ ሁዋሬዝ ጋር በወንዝ ብቻ የምትለይ ከተማ ናት፤ በዚያ ዘመን የብዙ ቤተሰቦች እናቶች ከጥቂት የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች አልፈው አልተማሩም ነበር። ሆሴፊና ቲናሄሮ የተባሉ የዩኒቨርሲቲው መምህርት የእናትና ልጅ ፕሮግራሙን ሲያዋቅሩ ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ ልጆቹ በስድስተኛ ክፍል እንዲገቡ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ብዙዎቹ የሚያቋርጡበት ጊዜ ነውና ያኔ መጀመር ይዘገያል። ሁለተኛ፣ ልጅ ብቻዋን አትመዘገብም፤ እናቷ ወይም እንደ እናት የምታሳድጋት ሴት አብራ ትመዘገባለች።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስትረግጥ ምን እንደሚሆን ማሰብ አይከብድም። ብዙዎቹ ከተማው ውስጥ ዘመናቸውን ሙሉ ኖረው በግቢው አጥር ሥር ሲያልፉ ውስጡን አይተውት አያውቁም። አንዳንዷ ብታውቀውም የምታውቀው በጽዳት ሥራ ነው። አሁን ግን በስፓኒሽ አቀባበል ይደረግላታል፤ ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መመገቢያ አዳራሹ ይታያታል፤ እንደ እሷው ያደገች ኢንጂነር ወይም ዳኛ ቀርባ እንዴት እንደተማረች ትነግራታለች። ልጅቷ እናቷ ለመምህር ጥያቄ ስታነሳ ታያለች። በቀጣዮቹ ወራት እናትና ልጅ የሥራ ዓይነቶችን ያጠናሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ የትኞቹን የሒሳብና የሳይንስ ኮርሶች መውሰድ እንደሚያስፈልግ ያቅዳሉ፣ በሰፈራቸው የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራሉ።

አሠራሩ ብልሃት የሚሆነው አባትየው ያነሳው የነበረውን ጥያቄ አስቀድሞ ስለሚመልስ ነው። ልጅቷ ከማን ጋር እንዳለች ይታወቃል፤ ከእናቷ ጋር ናት። ከዚያም ወዲያ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ የዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ደብዳቤ ሲመጣ እናት ቦታውን ታውቀዋለች። በቤት ውስጥ ክርክር ቢነሳ አንድ ጠበቃ አለ ማለት ነው። ማንም ያልጠበቀው ሌላ ውጤትም ታየ፤ ከእናቶቹ ውስጥ አቋርጠውት የነበረውን ትምህርት ለመጨረስ ራሳቸው የተመለሱ ነበሩ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው የራሳቸውን መታወቂያ አወጡ። ባለሙያዎች ልጅቷን ነፃ ለማውጣት ከእናቷ ተጽዕኖ ማራቅ ያስፈልጋል ብለው በሚያስቡበት ዘመን ኤል ፓሶ ተቃራኒውን ሠራች።

አንድ የስልክ ጥሪ

መካሪ ሁሉ በፕሮግራም አይመጣም። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛዋ ሶንያ ሶቶማዮር በ1954 በብሮንክስ ከፖርቶ ሪኮ ወላጆች ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ፤ ነርስ የነበሩት እናታቸው አሳደጓቸው። በክፍላቸው ጎበዝ ነበሩ፤ ግን ፕሪንስተንን ወደ መሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት እንደሚችሉ ደውሎ የነገራቸው አንድ ዓመት ቀድሟቸው እዚያ የገባ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነው። ፕሪንስተን ሲገቡ የጻፉት ወረቀት ብዙ እርማት ይዞ ተመለሰ። የላቲን አሜሪካ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ፒተር ዊን ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላው እየተከተሉ አጻጻፋቸውን አቀኑላቸው፤ እሳቸውም ክረምቱን የሰዋስው መጻሕፍት ገዝተው ሲያጠኑ አሳለፉት። የላቀ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች የሚቀበለው የፋይ ቤታ ካፓ ማኅበር የአባልነት ደብዳቤ ሲልክላቸው ማጭበርበሪያ መስሏቸው እንደጣሉት ራሳቸው ጽፈዋል፤ ምን እንደሆነ የነገረቻቸው ጓደኛ ናት። በዬል ሕግ ሲማሩ ደግሞ ኋላ ዳኛ የሆኑት ሆሴ ካብራኔስ አማካሪያቸው ሆኑ። በ2009 ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያዋ ላቲና ነበሩ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ችሎታ የጎደለበት ቦታ የለም። የጎደለው መረጃ ነው፤ መረጃውም ሀብታም ቤት ባደገ ልጅ ዘንድ በእራት ገበታ ላይ የሚገኝ ዓይነት ነው። የጠፈርተኛዋ የኤለን ኦቾአ ገጠመኝ ይህንኑ ከሌላ ጎን ያሳያል። በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ምን እንደሚያጠኑ ለመወሰን ሁለት መምህራንን አነጋገሩ። የኤሌክትሪክ ምህንድስናው መምህር ትምህርቱ ከባድ ነው ብሎ ፊት ነሳቸው፤ የፊዚክሱ በደስታ ተቀበላቸው። ፊዚክስ መረጡ፤ በስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ1993 ጠፈር የወጡ የመጀመሪያዋ ላቲና ሆኑ፤ ከ2013 እስከ 2018 የጆንሰን የጠፈር ማዕከልን መሩ። ተስፋ የቆረጠች ሌላ ልጅ ከመጀመሪያው ቢሮ ወጥታ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር።

ጓደኛ ደውሎ እስኪነግር የሚጠበቅበት ነገር ለአጋጣሚ የተተወ ነው፤ በካሊፎርኒያ ፑኤንቴ የተባለው ፕሮጀክት ይህን አጋጣሚ ወደ ሥርዓት ለመለወጥ የተነሳ ነው። በ1981 በሄይዋርድ በሚገኘው ቻቦ ኮሌጅ ፊሊክስ ጋላቪዝና ፓትሪሺያ መግራዝ የላቲኖ ተማሪዎችን መዝገብ ሲመረምሩ ሦስት ነገር ተደጋገመባቸው፦ ተማሪዎቹ ወደ አማካሪ ቢሮ አይሄዱም፤ የኮሌጅ ደረጃ የጽሑፍ ኮርስ አይወስዱም፤ ከቤተሰባቸውም ለኮሌጅ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። መልሱም ሦስት እጅ ሆነ፤ የላቲኖ ደራሲያንን እያነበቡ ጠንካራ የጽሑፍ ትምህርት፣ ክፍል ድረስ የሚመጣ አማካሪ፣ ከማኅበረሰቡ የተገኘ መካሪ። ጽሑፍን ማዕከል ማድረጉ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ሶቶማዮርን በፕሪንስተን ሊጥላቸው የነበረውም እሱ ነው።

አዲሱ ትውልድ የያዘው መሣሪያ ሌላ ነው። በ2002 በኦስቲን ሁለት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አሊሺያ ራስኮንና ላውራ ዶነሊ፣ በመገናኛ ብዙኃን እንደ ራሳቸው ያለች ልጃገረድ አለመኖሯ ከንክኗቸው ላቲኒታስን ጀመሩ፤ ልጃገረዶች ራሳቸው የሚጽፉበት መጽሔት ነበር፤ ኋላ ወደ ክበብ፣ ወደ ካምፕና ወደ ቴክኖሎጂ ሥልጠና ሰፋ። በሎስ አንጀለስ በ2010 የተቋቋመው ላስ ፎቶስ ፕሮጀክት ደግሞ ለልጃገረዶች ካሜራ ሰጥቶ ከባለሙያ ሴት ፎቶ አንሺዎች ጋር ያጣምራቸዋል። አስተማሪዋና ተማሪዋ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ነገር ሲመለከቱ ወሬው በራሱ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ችግርሽን ንገሪኝ» ከማለት ይልቅ እጅን ሥራ ማስያዝ ይሻላል።

ጊዜው ሲያጥር

መካሪነት ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥናቱ የሚሰጠው መልስ ከፖስተሮቹ ይልቅ ጥንቃቄ ያለበት ነው። በ1995 ይፋ የሆነ ዝነኛ ጥናት ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በተባለው የመካሪነት ድርጅት የተመዘገቡ 959 ልጆችን በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሾቹ ወዲያው መካሪ እንዲያገኙ፣ ግማሾቹ ተራ እንዲጠብቁ አደረገ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ መካሪ ያገኙት አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ፣ አልኮል የመጀመር ዕድላቸው በ27 በመቶ አንሶ ተገኘ፤ ከትምህርት የቀሩባቸው ቀናትም በግማሽ ገደማ አነሱ። በ2002 ግን በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ አማካይ ውጤቱ መጠነኛ ሆኖ ታየ። በዚያው ዓመት ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የቀድሞውን መረጃ መልሰው ሲመረምሩ የልዩነቱን ምክንያት ከጊዜው አገኙት። ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ግንኙነቶች ብዙ ጠቅመዋል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጡት ግን ጎድተዋል፤ ልጆቹ ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ከበፊቱ ዝቅ ብሏል። ልጅ መካሪዋ ስትጠፋ ጥፋቱን ከራሷ ትፈልጋለች።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ልጃገረዶችን ሰብስቦ፣ ቲሸርት አድሎ፣ ንግግር አሰምቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መለያየት መካሪነት ሊባል አይገባም። ገንዘብ ሰጪዎች ይህን ይወዱታል፤ ርካሽ ነው፣ ለሪፖርትም ይመቻል። የዓመት ግንኙነት ግን ውድ ነው፤ መካሪዎችን መመልመል፣ ያለፈ ታሪካቸውን ማጣራት፣ ማሠልጠን፣ ወር በወር መከታተል፣ ሲዝሉም መደገፍ ይጠይቃል። ብቁ የሆኑት ላቲናዎች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ያችው አንዲት መሐንዲስ በአምስት ድርጅት ትጠራለች። የሌላ ዘር ሴትም ጥሩ መካሪ ልትሆን ትችላለች፤ ከቤቱ ደንብ ጋር ለመተዋወቅ ከልጅቷ እናት ጋር ቡና ለመጠጣት ጊዜ እስካላት ድረስ።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በመንግሥት የሚደረጉ የተማሪዎች የጤና ዳሰሳዎች በላቲና ልጃገረዶች ዘንድ ራስን ለማጥፋት የመሞከር መጠን ከፍተኛ መሆኑን ለዓመታት አሳይተዋል። ሉዊስ ዛያስ ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረው በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ የገለጹት፣ ልጅቷ ከእኩዮቿ ጋር የምትኖረው ኑሮና ቤቷ የሚጠብቅባት ታዛዥነት የሚጋጩበትን፣ እናትና ልጅ መነጋገሪያ የሚያጡበትን ቦታ ነው። በኒው ዮርክ በ2008 በሮዛ ጊል መሪነት ላይፍ ኢዝ ፕሬሽየስ የተባለ ፕሮግራም ተከፈተ፤ ልጃገረዶቹ ከትምህርት በኋላ መጥተው ይስላሉ፣ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ወላጆቻቸውም ይጠራሉ። መካሪ ሐኪምን አትተካም፤ ቀድማ ልታይና ወደሚታከሙበት ቦታ ልትወስድ ግን ትችላለች።

ሕጉ ሲለወጥ

መካሪዋ ልትፈታው የማትችለው ቋጠሮ የመኖሪያ ወረቀት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በቴክሳስ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ማንኛውም ልጅ ወረቀት ኖረውም አልኖረው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነፃ የመማር መብት አለው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይጠባል። በ2012 የወጣው ዳካ የተባለ የፌዴራል መርሃ ግብር በልጅነታቸው ለመጡ ወጣቶች የሥራ ፈቃድና ከመባረር ጥበቃ ሰጥቷል፤ ግን የሚያገለግለው ከሰኔ 2007 ጀምሮ በአገሪቱ ለኖሩ ብቻ ስለሆነ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ያለች ልጅን በአብዛኛው አይመለከታትም። ቴክሳስ በ2001 ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች የኮሌጅ ክፍያ እንደ ግዛቱ ነዋሪ እንዲከፍሉ በመፍቀድ ከሁሉ ቀዳሚ ነበረች፤ ይህ መብት በ2025 ከፌዴራል መንግሥት ክስ በኋላ ተሽሯል። መካሪዋ ልታደርግ የምትችለው የትኛው ኮሌጅና የትኛው የግል ድጎማ የዜግነት ጥያቄ እንደማይጠይቅ ማወቅ፣ ከጠበቃ ጋር ማገናኘት፣ ሐሰተኛ ተስፋም አለመስጠት ነው።

ፕሮግራሞቹ ራሳቸውም በሕግ ተነክተዋል። በሰኔ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች በመግቢያ ውሳኔ ላይ ዘርን እንዳይመዝኑ ከልክሏል። በጥር 2024 በሥራ ላይ የዋለ የቴክሳስ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነት ቢሮዎቻቸውን እንዲዘጉ አስገድዷል፤ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመድብለ ባህል ማዕከል ተዘግቷል። ከዚህ ወዲህ አንዳንድ ፕሮግራሞች ስማቸውን ለውጠዋል፤ የመግቢያ መመዘኛቸውንም ከዘር ወደ ቤተሰብ ገቢ ወይም ከቤተሰብ ለኮሌጅ የመጀመሪያ ወደ መሆን አዙረዋል። ለውጡ የሚያመጣው ነገር እንደ ቦታው ይለያያል። ከአሥር ነዋሪዎቿ ስምንቱ ላቲኖ በሆኑባት ኤል ፓሶ የማመልከቻው ፎርም ዘር ባይጠይቅም የሚመጡት ቤተሰቦች እነዚያው ናቸው። ላቲኖዎች ጥቂት በሆኑባቸው ከተሞች ግን በስፓኒሽ የሚነገረው ማስታወቂያ፣ ስፓኒሽ የምትናገረዋ አስተባባሪና እናቶችን የሚያመጣው መጓጓዣ በበጀት ላይ ለብቻቸው ካልተያዙ እናቶቹ አይመጡም።